የሆኪ ክለባችሁ «እሄዳለሁ» ሲል፦ ከተማው ይክፈል፣ ይሥራለት ወይስ ይሸኘው? የንጽጽር መመሪያ

ኤድመንተን፣ ካልጋሪ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ኮሎምበስ፣ ዋሽንግተን። ሐበሻ የሚበዛባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ትልቅ የበረዶ ሆኪ ክለብ አላቸው። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ጨዋታውን አንከታተለውም፤ እግር ኳሱ ይበቃናል። ክለቡ «ከስሬአለሁ፣ ካልደገፋችሁኝ እሄዳለሁ» ያለ ቀን ግን ሂሳቡ ማን ሆኪ ያያል፣ ማን አያይም ብሎ አይለይም። በሽያጭ ታክስና በንብረት ግብር ተመንዝሮ የሁላችንንም ቤት ያንኳኳል። ዜግነት የወሰደው ደግሞ ድምፅ ስጥ ይባላል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ቀን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዶላር ስል የአሜሪካ ነው፤ የካናዳ ሲሆን እጠቅሳለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከተማ ለክለብ መክፈሉ በራሱ ነውር አይደለም። ለመናፈሻም ለቤተ መጻሕፍትም ይከፍላል፤ ነዋሪው ክለቡን ከወደደና አቅሙ ከቻለ መብቱ ነው። የማልቀበለው በኪሳራው ዓመት ሕዝብ እንዲሸፍን፣ ክለቡ በተሸጠ ቀን ግን ትርፉ እንዳለ ለባለቤቱ እንዲገባ የሚያደርገውን ውል ነው። ከታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኩት በዚህ ነው።

መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ

«ክለቡ እየከሰረ ነው» ሲባል ከምን የተነሳ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ የካናዳ ክለቦችን የጎዳቸው በአብዛኛው የምንዛሪ ጉዳይ ነበር። ቲኬት የሚሸጡት በካናዳ ዶላር ነው፤ ለተጫዋች የሚከፍሉት በአሜሪካ ዶላር። በዚያ ላይ አዳራሾቻቸው ያረጁ ነበሩ። ኩቤክ ኖርዲክስ በ1995፣ ዊኒፔግ ጄትስ በ1996 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

የፒትስበርግ ፔንግዊንስ ነገር ሌላ ነው። በ1998 የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት ያቀረበው ባለቤቶቹ በዕዳ ተዘፍቀው ነው። ትልቁ ገንዘብ ጠያቂ የክለቡ የራሱ ኮከብ ማሪዮ ሌሚዩ ነበር፤ ሳይከፈለው የተጠራቀመው ደመወዝ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ሌሚዩ ያን ገንዘብ ወደ ድርሻ አስለውጦ በ1999 የክለቡ ባለቤት ሆኖ አረፈው። ሦስተኛው በሽታ ክለቡ ያለ ቦታው መተከሉ ነው፤ እሱን አሪዞና ላይ እናያለን።

ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ይለያያል። ምንዛሪ ያመጣውን ኪሳራ አዲስ አሬና (የጨዋታ አዳራሽ) አይፈውሰውም፤ የባለቤትን ዕዳ ደግሞ ግብር ከፋዩ የሚወርስበት ምክንያት የለም። የ1990ዎቹን ታሪክ እየጠቀሰ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለም አንድ ነገር አስታውሱት። የ2004–05 የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ ሲያበቃ ሊጉ (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ NHL) የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሊከፍል የሚችለውን ከፍተኛ መጠን አበጅቷል፣ ገቢ የሚያካፍልበትንም ሥርዓት አጠናክሯል። የትንሽ ከተማ ክለብ ዛሬ ያለበት ሁኔታ የያኔው አይደለም።

አማራጭ አንድ፦ የየዓመቱን ኪሳራ መሸፈን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ምስክሯም ግሌንዴል ናት፤ ስለዚህ እሷ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ግሌንዴል ከፊኒክስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በ2010 ቆጠራ 226,000 ያህል ነዋሪ የነበራት የአሪዞና ከተማ ናት። ከዊኒፔግ የሄደው ክለብ ኮዮቲስ ተብሎ መጀመሪያ የተጫወተው ፊኒክስ መሀል ከተማ፣ ለቅርጫት ኳስ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ነው። የበረዶ ሜዳው ለአዳራሹ ስለረዘመ ከአንዳንዱ ወንበር አንደኛው ጎል አይታይም ነበር። ግሌንዴል 220 ሚሊዮን ዶላር ከፈጀው አዲስ አሬና 180 ሚሊዮኑን ችላ በታኅሣሥ 2003 ክለቡን ተቀበለች። ስሌቱ ሱቁና ምግብ ቤቱ በአሬናው ዙሪያ ይሞላል፣ የሽያጭ ታክሱ ዕዳውን ይከፍላል የሚል ነበር። ቲኬት የሚገዛው ሆኪ ወዳድ ግን በአብዛኛው የሚኖረው ከፊኒክስ በስተ ምሥራቅ ባለው አካባቢ ነው። በሥራ ቀን ማታ ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ቆርጦ የሚመጣው ጥቂት ሆነ።

በግንቦት 2009 ባለቤቱ ጄሪ ሞይስ ክለቡን ኪሳራ ፍርድ ቤት አስገባው። ብላክቤሪ ስልክን ያመርት የነበረው ኩባንያ አለቃ የነበረው ጂም ባልሲሊ 212.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ቀረበ፤ ሐሳቡ ክለቡን ወደ ሃሚልተን፣ ኦንታሪዮ መውሰድ ነበር። ሊጉ ተቃወመ፣ ዳኛውም አልፈቀዱም። በመጨረሻ ሊጉ ራሱ በ140 ሚሊዮን ዶላር ገዛውና ፊቱን ወደ ከተማዋ አዞረ፤ ገዢ እስኪገኝ ኪሳራውን ሸፍኑ አለ። ግሌንዴል ለሁለት ተከታታይ የውድድር ዘመን በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። 50 ሚሊዮኑን ለነዋሪው አካፍሉት፦ ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ በነፍስ ወከፍ 220 ዶላር ገደማ፣ አምስት ራስ ላለው ቤተሰብ 1,100 ዶላር ነው። ለዚህ ሁሉ ከተማዋ በክለቡ ውስጥ ያገኘችው ድርሻ የለም።

በመሀሉ የቺካጎው ባለሀብት ማቲው ሁልሳይዘር ልግዛው ብሎ መጣ። የሱ ውል እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚሸፋፈን ስለሚያሳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከተማዋ 100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ትሸጣለች። በገንዘቡ በአሬናው ዙሪያ መኪና የሚያቆመውን ሰው የማስከፈል መብት ከሁልሳይዘር ትገዛለች። ሁልሳይዘርም በተቀበለው ገንዘብ ክለቡን ከሊጉ ይገዛል። በዚህ ላይ አሬናውን ስላስተዳደረ ለአምስት ዓመት ተኩል 97 ሚሊዮን ይጨመርለታል። ጎልድዋተር ኢንስቲትዩት የተባለው የፊኒክስ ተቋም ጥያቄ አነሳ፤ ማቆሚያው ቀድሞውንስ የከተማዋ አይደለም ወይ? የአሪዞና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ክፍል 7 መንግሥት ለግል ድርጅት ስጦታ እንዳይሰጥ ይከለክላል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2010 በሌላ ጉዳይ ላይ፣ ሕዝብ የሚከፍለው ከሚያገኘው ጋር እጅግ ከተራራቀ ስጦታ ይባላል ሲል ትርጉሙን አጥብቆት ነበር። የክስ ወሬ ሲሰማ ቦንዱን የሚደፍረው ጠፋ። በሰኔ 2011 ሁልሳይዘር ተሰናብቶ ሄደ።

በ2012 የግሌንዴል የሽያጭ ታክስ ከ2.2 ወደ 2.9 በመቶ ከፍ አለ። ሆኪው ብቻ ነው ያመጣው ማለት አይቻልም፤ የኢኮኖሚው መቀዝቀዝም አለበት። ሆኖም በጀቱ በተጨናነቀ ዓመት እንደ 25 ሚሊዮኑ ያለ ክፍያ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

በሐምሌ 2013 የከተማው ምክር ቤት በ4 ለ 3 ድምፅ አዲስ ውል አጸደቀ። ክለቡን ከሊጉ የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች አሬናውን «ለማስተዳደር» በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመት ይከፈላቸዋል። ክለቡ ያኔ በሜዳው የሚጫወተው በዓመት 41 ጨዋታ ነበር፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከከተማዋ ካዝና 365,000 ዶላር ገደማ ይወጣል ማለት ነው። ከዚህም የባሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ኪሳራው 50 ሚሊዮን ከደረሰ ክለቡ ጥሎ መሄድ እንዲችል የሚፈቅደው አንቀጽ ነው። ከተማዋ ለ15 ዓመት ስትታሰር ክለቡ ለአምስት ብቻ! እኔ እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ ውሉን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት እወረውረው ነበር።

ውሉ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው በሰኔ 2015 ምክር ቤቱ በ5 ለ 2 ድምፅ ሰረዘው። የተጠቀሰው ምክንያት የጥቅም ግጭት ሕግ ነው፤ ቀድሞ የከተማዋ ጠበቃ የነበረ ሰው ክለቡ ዘንድ ተቀጥሮ ተገኝቷል። ክለቡ ከሰሰ፣ ተደራደሩ፣ ክፍያው በዓመት ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዶ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። በ2016 ከተማዋ አሬናውን እንዲያስተዳድርላት ኤኢጂ የተባለውን ኩባንያ ቀጠረች፤ ዋጋው በዓመት 5.6 ሚሊዮን። ያው ሥራ ነው፣ ያው ሕንፃ ነው። ከ15 ሚሊዮኑ ውስጥ የአስተዳደር ክፍያው ስንት፣ ድጎማው ስንት እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

በነሐሴ 2021 ግሌንዴል ኪራዩን አላድስም አለች። ክለቡ ቴምፒ ወደሚገኘው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ገባ። ሌሎች ክለቦች በ17 እና 18 ሺህ ሰው ፊት ሲጫወቱ እሱ 4,600 በሚሆኑ ተመልካቾች ፊት ተጫወተ። በሚያዝያ 2024 ለዩታው ባለሀብት ራያን ስሚዝ ተሸጦ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሄደ። ዋጋው 1.2 ቢሊዮን ዶላር፤ ከዚያ 200 ሚሊዮኑ ለሊጉ ባለቤቶች የዝውውር ክፍያ ሆኖ የተቀረው ለሻጩ ገባ። ሊጉ በ2009 በ140 ሚሊዮን የገዛው፣ በ2013 በ170 ሚሊዮን የተሸጠው፣ ዕድሜውን ሙሉ «ከሳሪ» ሲባል የኖረው ክለብ ነው። ግሌንዴል ከሽያጩ አንዲት ሳንቲም አልደረሳትም፤ በየትኛውም ውል ላይ አላስጻፈችምና። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ካናዳ ይህን መንገድ በአገር ደረጃ ልትሞክረው ነበር። በጥር 2000 ሚኒስትሩ ጆን ማንሊ ለካናዳ ክለቦች የፌዴራል ድጎማ አወጁ። ሕዝቡ ሆስፒታል ወረፋ እየጠበቅን ለሚሊየነር ተጫዋቾች ትከፍላላችሁ ወይ ብሎ ተነሳ፤ በሦስተኛው ቀን ድጎማው ተሻረ። በሆኪ የሚታበደው አገር እንኳ አልተቀበለውም።

አማራጭ ሁለት፦ አዲስ አሬና መሥራት

ከአንደኛው የሚሻልበት ነገር አለ። ከተማው ቢያንስ ሕንፃ ይቀርለታል፤ ሕንፃ ደግሞ ኮንሰርትም ስብሰባም ያስተናግዳል። ቁም ነገሩ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ፒትስበርግ ከሞላ ጎደል ተሳክቶላታል። የቀድሞው አዳራሽ የ1961 ነበር። በጥር 2007 ሌሚዩና ባልደረቦቹ ካንሳስ ሲቲን ጎበኙ፤ እዚያ አዲስ አሬና ያለ ኪራይ ቀርቦላቸው ነበር። በመጋቢት ስምምነት ተደረሰ፦ አዲስ የሚከፈተው ካዚኖ በዓመት 7.5 ሚሊዮን ዶላር፣ የግዛቱ የቁማር ገቢ ፈንድ እንዲሁ 7.5 ሚሊዮን፣ ክለቡ ደግሞ 4 ሚሊዮን ገደማ፣ ለ30 ዓመት። ክለቡም ለ30 ዓመት ላይንቀሳቀስ ፈረመ። 321 ሚሊዮን የፈጀው አሬና በ2010 ተከፈተ። ልብ በሉ፤ ከተማው የታሰረበት ዘመንና ክለቡ የታሰረበት ዘመን እኩል ነው። ሌሚዩ በኋላ እንደተናገረው የካንሳስ ሲቲው ጉብኝት ጫና መፍጠሪያ ነበር እንጂ የመሄድ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ይህ የጎረቤት ከተማ ማስፈራሪያ በየቦታው ይመጣልና ልመዱት። በመስከረም 2012 የኤድመንተን ኦይለርስ ባለቤት ዳሪል ካትዝ በአሬናው ድርድር መሀል ሲያትል ታየ። ከተማው በቁጣ ሲነድበት በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሬናውን ግን አልተነፈገም። በ2016 የተከፈተው ሕንፃ ብቻውን 480 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወጥቶበታል። የከተማው ድርሻ በከፊል የሚመለሰው በአሬናው ዙሪያ ወደፊት ከሚጨምረው የንብረት ግብር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስሌት ስታዩ ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን አስታውሱ። ፎቁ እዚያ ባይሠራ ሌላ ሰፈር ይሠራ ነበር ወይ? ይሠራ ከነበረ አዲስ ግብር የለም፤ ግብሩ ሰፈር ለወጠ እንጂ።

የስፖርት ኢኮኖሚ አጥኚዎች ከሞላ ጎደል የሚስማሙበትም ይህ ነው። አንድ ቤተሰብ ለመዝናኛ የመደበው ገንዘብ የተወሰነ ነው። ሆኪ ካላየ ምግብ ቤት ይሄዳል ወይም ሲኒማ ይገባል፤ ገንዘቡ እዚያው ከተማ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ሥራ ይፈጠራል» የሚል ወረቀት ሲመጣ፣ ጥናቱን ያስጠናው ማን እንደሆነ አንደኛው ገጽ ላይ ፈልጉ።

ውሳኔው ለሕዝብ ከቀረበ መልሱ ሊለይ ይችላል። ኮዮቲስ ቴምፒ ውስጥ ቆሻሻ ይደፋበት በነበረ 46 ኤከር ላይ የ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሠፈርና አሬና እሠራለሁ ብሎ በግንቦት 2023 ሦስት ጥያቄ ለነዋሪው ቀረበ። ሦስቱም 56 በመቶ ገደማ በሆነ የተቃውሞ ድምፅ ወደቁ። ሶልት ሌክ ሲቲ በበኩሏ ነዋሪውን ድምፅ ሳታሰጥ በግዛቱ ሕግና በምክር ቤቷ ውሳኔ የሽያጭ ታክሷን በግማሽ ፐርሰንት አሳድጋለች፤ ለአሬናውና ለመሀል ከተማው የሚውለው እስከ 900 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

የዋሽንግተን አካባቢ አንባቢዎች ይህን ድራማ በአይናችሁ አይታችሁታል። ክለቡ ካፒታልስ የተቸገረ አይደለም፤ ጨዋታው ግን አንድ ነው። በታኅሣሥ 2023 ባለቤቱ ቴድ ሊዮንሲስና የቨርጂኒያው ገዢ ግሌን ያንግኪን ሆኪውንም ቅርጫት ኳሱንም ወደ አሌክሳንድሪያ እናመጣለን አሉ፤ ብዙ ሐበሻ ወደሚኖርባት ከተማ። የግዛቱ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ መሪ ሉዊዝ ሉካስ መንገዱን ዘጉት፣ በመጋቢት 2024 ዕቅዱ ፈረሰ። በዚያው ቀን ዲሲ 515 ሚሊዮን ዶላር ለእድሳት ልትሰጥና ክለቦቹ እስከ 2050 ሊቆዩ ተስማሙ። አሌክሳንድሪያ አመለጠች፣ ዲሲ ከፈለች። ባለቤቱ በሁለቱም በኩል አልተጎዳም።

አማራጭ ሦስት፦ እንግዳው ይክፈል

የሆቴል ታክስና የካዚኖ ታክስ ከነዋሪው ኪስ በቀጥታ ስለማይወጡ ለፖለቲከኛ ይቀላሉ። የብሮዋርድ ካውንቲ በታኅሣሥ 2015 ለፍሎሪዳ ፓንተርስ በ13 ዓመት የሚከፈል 86 ሚሊዮን ዶላር ከቱሪስት ታክስ ፈቀደ። በ2024 እና በ2025 ክለቡ ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ። ድጎማው ዋንጫ አመጣ ማለቴ አይደለም፤ ሀብታምና ታጋሽ ባለቤት መኖሩ ይበልጣል። ይሁንና መጠኑ የታወቀ፣ ዘመኑ የተወሰነ፣ ምንጩ ከትምህርት ቤት በጀት ጋር የማይሻማ ነበር። በዚህ መደብ ውስጥ ካየሁት የተሻለው ነው።

ኮሎምበስ ግን ምንጩ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አሳይታለች። በ1997 መራጩ ለአሬና የሽያጭ ታክስ አልከፍልም አለ፤ አሬናው በግል ገንዘብ ተሠርቶ በ2000 ተከፈተ። ጉዳዩ ተዘጋ ሲባል በ2012 የሕዝብ ተቋም ሕንፃውን በ42.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ የሚከፈለው ከካዚኖ ታክስ ነው ተባለ። የካዚኖው ገቢ ከተጠበቀው በታች ሆነ። ከ2019 ጀምሮ በከተማዋ ቲኬት ላይ 5 በመቶ ተጨምሯል፤ ከፊሉ ለአሬናው ነው።

አማራጭ አራት፦ የአገሬው ሰው ይግዛው

እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ከባድ ነው።

በ1998 የኤድመንተን ኦይለርስ ባለቤት ፒተር ፖክሊንግተን በዕዳ ተይዞ ክለቡ ሊሸጥበት ሆነ። የሂውስተኑ ባለሀብት ሌስ አሌክሳንደር ገንዘቡን ይዞ ቆሞ ነበር። ያዳናቸው ቀደም ሲል የተፈረመ የቦታ ስምምነት ነው። የአካባቢው ገዢ በተወሰነ ቀን ውስጥ 70 ሚሊዮን ዶላር ካቀረበ ክለቡን የመግዛት መብት አለው ይላል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከነጋዴውም ከባለሙያውም መዋጮ ተሰባስቦ ገንዘቡ ሞላ፤ 38 ያህል ሰዎች በጋራ ባለቤት ሆኑ። አሥር ዓመት ይዘውት በ2008 ለካትዝ በ200 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሸጡት። ግብር ከፋዩ የዓመት ኪሳራ አልሸፈነም፤ ሥራውን የሠራችው አንዲት አንቀጽ ናት። ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር የሂውስተኑ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጨምር ምንም ማድረግ አልቻለም።

ናሽቪልም በ2007 ተመሳሳይ መንገድ ሄደች። የፕሬዳተርስ ባለቤት ክሬግ ሊፖልድ ለባልሲሊ ሊሸጥ ነበር፤ ያው የሃሚልተን ሕልም። የኪራይ ውሉ አማካይ የተከፈለበት ተመልካች ከ14,000 ከወረደ ክለቡ መውጣት ይችላል ስለሚል ደጋፊውና ነጋዴው ቲኬት ለመግዛት ተረባረበ። የአገሬው ቡድንም በ193 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ክለቡ በ2017 ለዋንጫው ፍጻሜ ደርሷል። ከገዢዎቹ አንዱ ዊልያም ዴል ቢያጂዮ ግን ድርሻውን የገዛው በማጭበርበር ባገኘው ብድር ሆኖ ተገኝቶ እስር ቤት ወርዷል። «የራሳችን ሰዎች ናቸው» ተብሎ የባንክ ደብተር ሳይታይ መፈረም የለም።

አማራጭ አምስት፦ በሰላም ሂድ ማለት

የሚያስፈራሩበትን ያህል አስፈሪ አይደለም፤ ግን ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ዊኒፔግ ውስጥ በ1995 ሕፃናት ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጥተው ክለቡ ከመሄድ አልዳነም። ከተማዋ ቆየት ብላ በ2004 አብዛኛው ወጪ በግል የተሸፈነ መጠነኛ አሬና ከፈተች። በ2011 የአትላንታ ክለብ በተራው ሲወድቅ የግል ባለሀብቶች በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው ሆኪን ወደ ዊኒፔግ መለሱ።

ሲያትል ደግሞ በ2006 በሕዝብ ድምፅ አንድ ሕግ አጸደቀች፦ ከተማዋ ለስፖርት ክለብ ገንዘብ ካወጣች ቢያንስ የመንግሥት ቦንድ የሚያስገኘውን ያህል ትርፍ ማግኘት አለባት። በ2008 የቅርጫት ኳስ ክለቧ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ። ብዙ ተለቀሰ። በ2021 ግን ያው አሮጌ አዳራሽ ከ1 ቢሊዮን በላይ በሆነ የግል ገንዘብ ታድሶ አዲስ የሆኪ ክለብ ገባበት። ትልቅና ሀብታም ከተማ እንቢ ማለት ያዋጣዋል።

ለሁሉም እንዲህ አይሰምርም። ሃርትፎርድ ክለቧን በ1997 አጥታ ዛሬም የሊጉ ክለብ የላትም። ኩቤክ ሲቲ ኖርዲክስ በሄደ ማግስት ኮሎራዶ ላይ ዋንጫ ሲያነሳ አየች። ከዚያ በ370 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በ2015 አሬና ከፈተች፣ ሊጉ ግን ክለብ አልሰጣትም። መሸኘት አንድ ነገር ነው፤ ክለብ ሳይኖር ለክለብ ቤት ሠርቶ መጠበቅ ሌላ።

እንግዲህ የትኛው ለማን?

ከተማችሁ ትልቅ፣ ሥራ የሞላበትና ሊጉ የማይተወው ገበያ ከሆነ አምስተኛውን ይዛችሁ ተደራደሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ገንዘቡን ከራሱ ያመጣል። መካከለኛ ከተማ ከሆነና አዳራሹ በእርግጥ ካረጀ የፒትስበርግን ዓይነት ሁለተኛ ወይም የብሮዋርድን ዓይነት ሦስተኛ አማራጭ እቀበላለሁ፤ መጠኑና ዘመኑ ከተቆረጠ፣ ክለቡም እኩል ዘመን ከታሰረ። ትንሽ ከተማ ከሆነና ባለቤቱ ዕዳ ከበላው አራተኛውን ሞክሩ፤ ካልሆነ ሸኙት። አንደኛውን ለማንም አልመክርም። «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተብሎ ቢመጣም፤ ግሌንዴልም የጀመረችው ገዢ እስኪገኝ ተብሎ ነው።

አቅሙ ያላችሁ የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ተገኙ። ሕዝብ ሐሳብ እንዲሰጥ ጥቂት ደቂቃ ይፈቀዳል፤ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል ካላችሁ አስቀድማችሁ ለጸሐፊው ቢሮ አመልክቱ። ስለ ሆኪው ውበትም ስለ ባለቤቱ ስግብግብነትም አትናገሩ፤ ሌላው ይናገርላችኋል። የውሉ ሙሉ ጽሑፍ ከድምፁ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሕዝብ ይውጣ በሉ። ክለቡ በስንት ዓመት መውጣት ይችላል፣ ከተማውስ? በውሉ ዘመን ክለቡ ቢሸጥ ከዋጋው ጭማሪ ለከተማው ስንት ፐርሰንት ይደርሳል? ሊሸጥ ሲል የአካባቢው ሰው በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አለው? ታክሱ ከታሰበው በታች ቢሰበሰብ ጉድለቱን የሚሞላው ማን ነው፣ ክለቡ ወይስ የከተማው ጠቅላላ በጀት? በ20ኛው ዓመት ጣሪያው ሲያፈስ፣ በረዶ የሚያቀዘቅዘው ማሽን ሲቃጠል ጥገናውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚለውም በጽሑፍ ይመለስላችሁ፤ ብዙ ተደራዳሪ ይህን ጥያቄ ተዘጋጅቶበት አይመጣም።